የአርባ አንድ ቁጥር መዝገብ

ከሌሊቱ አሥራ አንድ ሰዓት፤ ኤድመንተን፣ ሰኔ መግቢያ፤
ሰማዩ ቀድሞኝ ነግቷል ከግቢው መኪና ማቆሚያ።
አሥሩንም ጎማ መታሁ፤ ፍሬን፣ መብራት፣ መስታወት፣
የውኃው ጋን ልክ፣ የአሸንዳው መያዣ ብረት፤
ከዚያ መዝገቡን መሪው ላይ ዘረጋሁት።

መኪና፦ አርባ አንድ። ሾፌር፦ ይልቃል ደስታው።
ሥራ የተጀመረበት፦ ብዕሬ ሁልጊዜ እዚህ ነው የሚያመነታው።

አምና በዚሁ ሰሞን፣ እንቅልፍ እያዳፋኝ ነው፣
አንዱን ሳምንት በእኛ ቆጥሬ ሞልቼ ሰጠሁ ሳላውቀው፤
መግቢያ አሥራ አንድ፣ መውጫ አሥራ ሁለት።
ግሌንዳ፣ የደመወዝ ክፍሏ፣ ጠራችኝ አርብ ዕለት፤
መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ፣
«በዚህ ወረቀት ከሄድን በቀን አንድ ሰዓት ሠርተሃል» አለች፤ «አንድ! ያውም በበጋ።»
ቀን ከፀሐይ ነው የሚቆጠር እኛ ዘንድ፣ ብዬ አስረዳኋት፤
ወደ መስኮቱ ዞረች፤ ፈገግታ ግን አላየሁባት።
«እዚህ ታኅሣሥ ላይ ፀሐይ ከቁርስ በኋላ ነው የምትመጣ፣
ሰኔ ላይ ደግሞ ልጆች ተኝተውም ከሰማይ አትወጣ፤
የእሷንስ ሰዓት ማን ይፈርማል?»
አለችና አረመችው፣ ቀይ በቀይ፣ ያለ ቁጣ።

ከዚያ ወዲህ ሁለቴ አስቤ አንዴ እጽፋለሁ፤
አምስት፣ በእነሱ። ሞተሩን አስነሳለሁ።

ስምንት ሜትር ኩብ ጫንሁ። ከማማው ሥር ማተሚያው ደረሰኝ ተፋ፤
ከዚህች ደቂቃ የኮንክሪት ዕድሜ ዘጠና ነው፤ አንድም አይሰፋ።
እኔ አሥራ አራት ሰዓት አለኝ፣ በሕግ፤ እሱ አንድ ተኩል፤
ሁለት ሰዓት ይዤ ነው የምነዳው፣
አንዱ ኪሴ፣ አንዱ ከጀርባዬ የሚንከባለል።

ሥፍራው ስደርስ ፓምፑ ሞቷል፤ መካኒኩ ገና መንገድ ላይ ነው፤
ፎርማኑ ትከሻውን ሰበቀ፤ ምን ላድርግ ማለቱ ነው።
ዳርሊን በሬዲዮ፦ «አርባ አንድ፣ ቆመሃል አይደል?
የጠበቅኸውን እረፍት ብለህ ጻፈው፤
አራት ጭነት አለብህ፣ ሰዓትህ እንዳይጎድል።»

እረፍት።

ወርጄ መዳፌን በርሜሉ ላይ ጫንሁ፤ ሞቋል፤ መዞሩን ቀጥሏል፤
ቅድም ይንቦጫቦጭ የነበረ አሁን ዱብ፣ ዱብ ይላል።
ሠላሳ ሊትር ውኃ ለቀቅሁ፤ ቁጥሩን ደረሰኙ ላይ ጻፍሁ፤
ሰባ ደቂቃ። ሰባ አምስት። የማያርፍ ነገር እየጠበቅሁ።

ሮዴል ትዝ አለኝ፣ የሃያ ሰባት ቁጥሩ፣ ከኢሎይሎ የመጣው፤
ባለፈው መጋቢት እንዲሁ አስቁመውት፣ እረፍት ብሎ የጻፈው፤
በርሜሉ ውስጥ ድንጋይ ሆነበት፤ ሁለት ቀን ሙሉ ገብቶ
በድሪል ፈለጠው፣ ጆሮው ደንቁሮ፣ ዓይኑ ቀልቶ።
ሲጠየቅ፣ አወጡበት የገዛ ፊርማውን፤
ያርፍ ነበር ይላል ወረቀቱ፤ ማን ጠበቀው ታዲያ ጭነቱን?

ጻፍሁ፦ ሥራ። በትልቁ። ቆሜም፣ እየጠበቅሁም፣ ሥራ።
ለዳርሊንም ነገርኋት። ከዚያ በኋላ ትእዛዙ በስክሪን መጣ፤
ድምጿ ቀኑን ሙሉ ቁጥሬን አልጠራ።

ፓምፑ በሰማንያ ሁለተኛው ደቂቃ ተነሣ። ፈሰሰ።
የማን ቤት እንደሚሆን አልጠየቅሁም፤
አሸንዳውን ሳጥብ ውኃው ጉልበቴን አራሰ።

አራት ጭነት። የማታው አሥራ ሁለት፤ ፀሐይ ገና ጣሪያ ላይ፤
ስድስት ብዬ ጻፍሁ፤ ፈረምሁ፤
ጣቴ ከነሲሚንቶው አረፈ ወረቀቱ ላይ።
ግራጫ አሻራ ደረቀ፤ በጥፍሬ ብፍቀው እምቢ አለ።
ግሌንዳ አርብ ታርመው፣ የምታርመው ካለ።

ቁልፉን ስሰቅል ሬዲዮው ተንኮሻኮሸ፤ ዳርሊን ነች፦
«አርባ አንድ። ነገ አሥር ተኩል።» ይኸው ብቻ፤ ጠፋች።
አሥር ተኩል በእነሱ ከሆነ ረፋድ ነው፤ ግማሽ ቀን፣ ግማሽ ደመወዝ፣ ቅጣት፤
በእኛ ከሆነ ሌሊት ነው፣ ሙሉ ቀን፤
ግሌንዳ ትሆናለች የነገረቻት።
«በማን አቆጣጠር?» አልሁ። መልስ የለም፤ ሹሹታ ብቻ።
የስልኬን ማንቂያ ለሌሊቱ አሥር ሞላሁት፣ ከትራሴ ዳርቻ፤
ከተሳሳትሁ ስድስት ሰዓት በሩ ላይ እጠብቃለሁ፤
የጥበቃን ስም ምን ብዬ እንደምጽፈው መቼስ አውቃለሁ።