ነጠላ ጫማ

አርባ ነን በአንድ መስመር፣ ጫማ የምንሸጥ፣
አርባ ጃንጥላ ሥር በላብ የምንቀልጥ፤
ባታምባንግ ከተማ፣ ያው የድንበር ካርቶን፣
ያው ላስቲክ፣ ያው ቀለም፣ የሚለየን ድምፃችን።
አንዱ አምስት ሺህ ሪየል፣ አንዱ አራት ሺህ ይላል፣
ሦስተኛው ሳይጠየቅ ሁለት ሺህ ይጥላል።
ማታ ስንቆጥረው ትርፍ ብሎ ነገር የለም፤
ያለቀው ጉሮሯችን፣ ጫማው አላለቀም።

ኩንቲያ ከጎኔ ነች፣ ሠላሳ ስምንተኛ፣
ድምጿ የማይሰማ፣ እጇ የማይተኛ።
ክረምት ላይ ከድንበር ካርቶን ተላከላት፤
ገመዱን ስትፈታ አንድ ነገር ጎደላት።
ስልሳ ጫማ፤ ስልሳው በሙሉ የግራ።
ነጋዴው ስልኩን ዘጋ። እኛ ሳቅን በጋራ።
"ጣይው" አልናት፣ "ግራ ብቻውን ምን ሊሆን?"
"ጥንዱስ መች ተሸጠ?" ብላ መለሰችልን።

ሐሙስ ለት ነው መሰል፣ ሳሜት የሚሉት ሰው፣
ቀኝ እግሩን ፈንጂ ከሩዝ ማሳ የወሰደው፣
ክራንቹን ተደግፎ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣
"ግማሹ ስንት ነው?" አላት ልኩን ፈልጎ።
ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የሁለት እየከፈለ፣
ቀኝ ቀኙ አልጋው ሥር አዲስ እንዳለ አለ።
በነጋው አመጣ፣ አሥራ አንድ፣ በጆንያ፤
አቧራውን አራግፋ ገዛችው ኩንቲያ።

ነጠላ ጫማ ሲባል በጥንድ ነው የምናውቀው፤
እሷ ጋ ሲደርስ ስሙ ፍቺውን አገኘው።
አይጥ አንዱን ከበላ፣ ጎርፍ አንዱን ከወሰደ፣
የተረፈው ጓደኛው ወደ እሷ ወረደ።
ሰሌዳ አልሰቀለች፣ አልጮኸች፣ አልተጣራች፤
ወሬው በሞተር ሄደ፣ በጀልባ፣ በክራንች።

ቀናሁ፤ አልደብቅም። እኔም ጥንዱን ፈታሁ፤
"ነጠላ አለ፣ ነጠላ!" እያልኩኝ ተጣራሁ።
አንድ ጎልማሳ መጣ፤ ገና ሳይናገር፣
"የቱ ነው የቀረህ?" አልኩት፤ ሰማኝ ሰፈር።
አየኝ። ዋጋ አልጠየቀ። ዞሮ ሄደ እሷ ጋ።
እሷ አትጠይቅም፤
ጭቃው ላይ የታተመ አንድ ዱካ አይታ
ልኩን ታነሳለች። ግማሽ ነው የእሷ ዋጋ።

ከአጨዳ በኋላ የሚመጡ ሁለት ሰዎች አሉ፤
አንድ ጥንድ ይገዛሉ፣ ሒሳብ ይካፈላሉ፤
ግራው ወደ ፓይሊን፣ ቀኙ ወንዙን ይዞ፣
እስከ ከርሞ አጨዳ ይለያያል ተጉዞ።

ከስልሳው አንዲቱ ምስማር ላይ ቀርታለች፤
ቢጫ፣ የሕፃን ልጅ፣ መዳፍ ታክላለች።
ጠዋት ስታራግፋት አያለሁ ከጎኗ፣
ከንፈሯ ሲነቃነቅ፣ ሲከደን ዓይኗ።
ሠላሳ ዓመት ስነግድ እንዲህ ያለ አልሰማሁ፤
"ለዚች ገዢ አይምጣ።"
እኔም መዳፌን አጋጠምሁ።