«ወረረ»፣ ስምንተኛ ክፍል

ሰሌዳው ላይ «ወረረ» ብዬ ጻፍኩኝ፣
ጠመኔው ተሰብሮ ግማሹ ቀረኝ።
«ዓረፍተ ነገር ሥሩበት» አልኩና
በመስኮት አየሁ፣ የቡዳ በርን ጎዳና።

አንዱ፦ «የአጎቴን ራስ ሽበት ወረረው።»
አንዷ፦ «ስኳራችንን ጉንዳን ወረረው።»
አንዱ ስለ ኮሌራ፣ ስለ ወረርሽኝ ጻፈ፤
ታናሽ ወንድሙ አምና በዚያው ዐለፈ።
እኔም ከጥጉ፣ በቀይ ቀለም፦
«ሳይጠሩት ይመጣል፣ ቤት ያራቁታል፣
ሲሄድ እንደ ክቡር እንግዳ ‹ሽኝ!› ይላል» —
ጻፍኩና ሰረዝኩት።

ከዚያ ወደ ሥሩ ወረድኩ፣ እንጀራዬ ነውና።
«ወረወረ»ስ? እንጃ፣ ዘመዱ ይመስላል፤
የተወረወረም ከሩቅ ተነሥቶ ሰው ደጅ ያርፋል።
«‹ይወራል› በሉ፦ ወ ከጠበቀች ወሬ፣
ከላላች ወረራ፤
ፊደል አይለየውም፣ አፍ ነው የሚያጣራ።»

ነቢሃ ከኋላ ወንበር እጇን አወጣች።
«ቲቸር፣ ጅብ ወረረ ይባላል?» አለች።
ክፍሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።
«በኛ ቋንቋ ወራባ ነው። ጁገል ሥር ቀዳዳ አለው፤
ግንቡን የሠሩት ሰዎች ናቸው የተዉለት።
ሌሊት በዚያ ገብቶ አጥንት ለቅሞ ይወጣል፣
ለዓሹራ ደግሞ ገንፎ በቅቤ ይቀርብለታል።
ጥርሱን እናውቀዋለን። ግን ‹ገባ› ነው የምንለው።»
«ታዲያ ግሡን የሚለየው ምንድን ነው?»
«ቀዳዳው» አለች፣
እርሳሷን ሻሿ ውስጥ እየሻጠች።
ደወል።

እኔ በሸዋ በር ነው የገባሁት፣
ፍራሽ ጠቅልዬ፣ የምደባ ደብዳቤ ኪሴ ከትቼ።
አከራዬ አው አብዶሽ ጫታቸውን አስቀምጠው
«በየት በኩል ገባህ?» አሉኝ።
መንገድ የጠየቁኝ መስሎኝ
አውቶቡሱን፣ ጎማው የፈነዳበትን፣ የቁልቢን ጭጋግ
አንድ በአንድ አወራሁላቸው።
ሰሙኝ። ኪራዩን ነገሩኝ። ዳግም አልጠየቁም።
ሠላሳ ዓመት ሆነው።

ማታ መብራት ጠፍቶ፣ በስልኬ ብርሃን
ደብተሯን ገለጥኩ። አንድ መስመር፣ ግሥ የሌለው፦

«መምህራችን ሐረር            »

ከ«ሐረር» ቀጥሎ «ን» ነበረች፤
በላጲስ ስትፋቅ ወረቀቱ ተሸንቁሯል።
በሽንቁሩ የሚቀጥለው ገጽ ይታያል፣ ምንም ያልተጻፈበት።
ከግንቡ ወዲያ አንድ ወራባ ጮኸ፣
ከዚያ ዝም አለ፤ ገብቶ ይሆናል።

ቀይ እስክሪብቶዬን ብዙ ጊዜ ይዤ ቆየሁ።
ዘጠኝ ከአሥር ሰጠኋት።
አራት ነጥቡን ረስታለች።