እስኪያባራ

አዛናው ጠየቀኝ፣ ዓይኑን ሳይነቅል ከስክሪኑ፤
«እሺ፣ ሰውየህ ምን ይሰጣል? ስንት ነው ተመኑ?
ተጫዋች ሲመጣ ሦስት ምርጫ ይየው፤
ወይ ይግዛ፣ ወይ ይስረቅ፣ ወይ ቆሞ ይለምነው።»

ፒያሳ ነን፣ ጣሊያን ትቶት በሄደው ፎቅ፤
ሁለት ወንበር፣ አንድ ኮምፒዩተር፣ የጋራ ጭንቅ።
መብራት በፈረቃ ነው፤ ድንገት ድርግም ሲል፣
የሠራነው ሕዝብ ሁሉ አንድ እግሩን አንሥቶ ጨለማ ውስጥ ይቀራል።

በእኛ ጨዋታ፣ በእኛዋ ጎንደር፣ ክረምቱ አያልፍም፤
ዝናብ የነካው ሰው ስሙን ይረሳል፣ ፊደል በፊደል፤ ሌላ ቅጣት የለም።
ቀሃን ለመሻገር ጥላ ያስፈልጋል።
ጥላ ያለው ባዘዘው ዘንድ ነው፤ በረንዳ ሥር ተቀምጦ ይጠግናል።

አርባ ገጽ ጻፍሁለት። ሽቦ በጥርሱ ይቆርጣል፤
ሐሙስ ሐሙስ አይሠራም፤ ለምን ቢሉት ወሬ ይለውጣል።
አዘዞ የተዳረች እህት አለችው ይባላል፤
ስሟ ሲነሣ፣ መርፌ እንደ ወደቀበት፣ አጎንብሶ መሬት ይዳብሳል።

ከዚያ አርባውንም ገጽ ሰረዝሁት።
የተውሁት አንድ ሚስማር ነው፤ ጥቁር ጥላ ሰቀልሁበት።
ተጠግኗል። አይሸጥም።
ቢጠይቁት «የሰው ነው» ይላል፤ ሌላ ቃል አይጨምርም።

«አትቀልድ» አለ አዛናው። «በዚህማ ማን ይጫወታል?
አሥር የጅብ ቆዳ ያምጣ በለው፤ ሲያመጣ ጥላውን ያገኛል።»
እኔ ስንት ጅብ ገድያለሁ፣ በስንቱ ጨዋታ፣ በስንቱ ሌሊት!
ቆዳውን የተረከበኝ ሰው መልኩ ትዝ አይለኝም፤
አፍ ነበረው፤ የሚብሰው ሆድ ግን አልፈጠሩለት።

ቅዳሜ ለሙከራ የአከራያችንን ልጅ፣ ትርንጎን፣ አስቀመጥናት።
ሰይፉንም፣ ወርቁንም ንቃ አለፈች፤ ማንም አልመራት።
በረንዳው ዘንድ ደረሰች። ጥላውን አየች።
«ይሄስ?» የሚለውን ነካች። «የሰው ነው» አላት። ዝም አለች።
ሦስቱ ምርጫ ተደርድሮ ይጠብቃል፤
እሷ ከማውሱ ላይ እጇን አነሣች። ዝናቡ ይወርዳል።

አዛናው በክርኑ ጎሸመኝ። ከበረንዳው ጠርዝ አንድ እርምጃ ቀርቷት፣
ቆማለች። ከስሟ «ጎ» ወደቀ። «ን» ተከተለው። አላስደነገጣት።
«ምን እየጠበቅሽ ነው?» አልኋት።
«እሱስ ምን እየጠበቀ ነው?» አለች።
«ር» ሲወድቅ መብራቱ ሄደ፤
«ት» ብቻውን፣ ከባዘዘው ጋር፣ ጨለማ ውስጥ ነጐደ።

ለዚህ የጻፍነው ምንም አልነበረም።
መቆምም መልስ ይሆናል ብለን አላሰብንም።

ሌሊቱን በሻማ ጻፍሁት፤ አንድ መስመር ነው።
ጥላውን አይሰጣትም። እንኳን ሊሰጥ፣ ወደ ሚስማሩ ዓይኑም ዞር አይለው።
ብቻ ከተቀመጠበት ሳጥን ፈቀቅ ይላል፤
«ግቢ እንጂ፣ ትበሰብሻለሽ» ይላል።

«ከስንት ሰከንድ በኋላ?» አለ አዛናው፣ ጠዋት።
«እስኪያባራ ከቆመች።»
«ክረምቱ አያልፍም ያልኸው አንተ! በል ቁጥር አምጣ፤
ማሽን 'እስኪያባራ' አይገባውም፤ ከየት ይምጣ?»

ቁጥሩን አውቀዋለሁ። ዘጠኝ ዓመቴ ነው፤ አባቴ ጥሎት የሄደውን ጥላ ይዤ፣
በሐምሌ፣ እዚሁ ታች፣ ከአንድ ጥላ ጠጋኝ ፊት ፈዝዤ፣
ከቱቦው የሚወርደውን ጠብታ ስቆጥር ነበረ።
ሦስት መቶ አሥራ አንድ ላይ ቀና ብሎ አየኝ፤ ሳጥኑ ላይ ፈቀቅ ማለት ጀመረ።
ጥላውን ተውሁለት።
ልወስደው አልተመለስሁም።

«ሦስት መቶ አሥራ አንድ» አልሁት።
«ይበዛል» አለ። «ማን ይጠብቃል ያን ያህል?»
ጣቶቹ ግን ጽፈውታል።