ሽረት

ከገላን ኮንዶሚኒየም፣ ከአራተኛው ፎቅ፣
ይታየኛል ጣሪያው፣ ረፋድ ላይ ሲያብረቀርቅ፤
ሰማያዊ ቆርቆሮ፣ ዝገት የጀመረው፣
ጀርባው የሽምብራ ማሳ፣ ፊቱ አስፋልት ነው።
አርባ አክሲዮን አለኝ እዚያ ጣሪያ ሥር።
አርባ ማለት ምንድን ነው? ምናልባት አንድ በር፤
ወይ የበሩ እጀታ፣ ወይ የእጀታው ብሎን።
ሒሳብ ሹሟን ብጠይቃት ሳቀችና፣ «ይሆን፣
ይሆናል ጋሼ» አለችኝ።

ሠላሳ አንድ ዓመት በአቃቂ ጤና ጣቢያ
ድሬሰር ነበርኩ፤
ጎዝ አጥቤ፣ ቀቅዬ፣ ገመድ ላይ አስጥቼ፣
በሌላ ሰው ቁስል ላይ ደግሞ አስሬ፣ ፈትቼ፣
ደም በሳሙና ብቻ እንደማይለቅ አይቼ፣
በጡረታዬ ማግስት የእቁቤን ብር ይዤ ሄድኩ፤
«አዲስ ጎዝ፣ እዚሁ፣ በእኛው ጥጥ» ሲሉ ሰማሁና ፈረምኩ።
ስሙን «ሽረት» አሉት። ስሙን ወደድኩት።
አስካለ ግን ላም ይገዛ ብላ ነበር።
«ላም እኮ ትታያለች፤
ባትታለብ እንኳ ትጮኻለች።»

መጀመሪያ ዶላር ጠፋ። ከዶላሩ ጋር ምላጩ ጠፋ፣
ጨርቁን የሚቆርጠው፤ ከዚያ መብራት። ከዚያ ተስፋ
አልልም፤ ተስፋ የሚጠፋው በስብሰባ ነው፣
በኪራይ አዳራሽ፣ ለስላሳው ታድሎ ሲያበቃ፣
ማይኩ ሁለቴ ሲያፏጭ፣ ሰብሳቢው ከእንቅልፉ እንደነቃ
ሰው፣ «ክቡራን ባለአክሲዮኖች» ብሎ፣ አንድ ገጽ ሲዘል።

የትርፍ ድርሻው በዓይነት ይሁን ተባለ፤
ስድስት ካርቶን ጎዝ ደረሰኝ፣ አልጋ ሥር አለ።
መሐንዲሱ ሄደ፣ ወደ ቢራ ፋብሪካ።
ከአራቱ ማሽን ሦስቱ ሸራ ለበሱ።
ሥራ አስኪያጁ ተሻረ። ሽረት ማለት ለካ
ቁስልም ይሽራል፣ ሹምም ይሻራል፤
አንድ ቃል ሁለት ቤት ሲያድር የትኛው ይታመናል?

ቅዳሜ ሮባ መጣ፣ የቱሉ ዲምቱ ደላላ፣
መሬት ሲቀዘቅዝበት ወደ ወረቀት የዞረ።
የሺውን በአራት መቶ። «ነገ ደግሞ ሌላ
ዋጋ ነው ጋሼ» እያለ፣ ጣቱን አጥፎ ቆጠረ።

ሰርተፊኬቱ በላስቲክ ተጠቅልሎ
ቁም ሣጥን ውስጥ ነው፣ ከልጆቹ የክትባት ካርድ ጋር።
አስካለ በኩሽናው በር፣ ያላየች መስላ፣ አየችኝ።
አሥራ ስድስት ሺህ። የጣሪያ ኪራይ አይደል፣ የመድኃኒቴ፣
የግፊቱ፣ ስንት ወር ነው? አስላሁት፤ አልዋሽም፣
እሺው አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «ሰኞ ና» አልኩት ብቻ።

ሊወርድ ሲል የደረጃው ብረት፣
ኮንትራክተሩ ሳይሞርደው ጥሎት የሄደው፣
መዳፉን ቀደደው።

እጄ ቀደመኝ።
ካርቶኑን ከአልጋ ሥር ጎትቼ፣ ውሃ፣ ሳሙና፣
ጎዙን አራት አጥፌ ጫንኩና፣
ቆጠርኩ፤ እንደ ድሮዬ፣ ድምፅ ሳላሰማ።
ወፈር ያለ ነው። ክሩ አይበተንም። ደሙን ጠጣ፣ ቆመ።
አስካለ ፎጣ ይዛ መጣች፤ አላስፈለገም።

ሮባ መዳፉን አገላብጦ አየው፤
«የት አገር ነው ይሄ?» አለ።
«እዚያ ጋ» አልኩት፣ በመስኮቱ።
አየ። ጣሪያውን፣ ማሳውን፣ የቆመውን የጭነት መኪና አየ።
ከዚያ፣ እንደ ሙያው፣
«አምስት መቶ» አለ።

አልሸጥኩም። እስከ ዛሬ፣ ማለቴ ነው።
ሰኞን ለራሴ አላውቀውም።
ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣ መብራት ካለ፣ አንዱ ማሽን ይነሣል፤
ያቃስታል፣ ይታነቃል፣ ደግሞ ይቀጥላል፣
ድምፁ ሽምብራውን አቋርጦ እኛ ጋ ይደርሳል።
«ስማ» ትለኛለች አስካለ፣ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ተኝታ፣
«ላምህ ጮኸች።»