ነጭ ገጽ

ጅማ፣ ሄርማታ፣ ከልብስ ሰፊው በላይ ካለች ጠባብ ክፍል፣
«አሻሽል» የሚለውን ቁልፍ ነካሁ፤ መብራት ድርግም አለ እኩል።

ሲመለስ የአባ ዲኮ ድረ ገጽ ወረቀት መስሎ ነበረ፤
በርጩማው የለ፣ ዋጋው የለ፣ ስልካቸውም ተሰወረ።

የፕለጊኖቹን አቃፊ ስም ለወጥኩ፣
አንዱን ስከፍት ሌላውን ዘጋሁ፣ እስኪነጋ ቆጠርኩ፤
ጥፋተኛው አስራ አንደኛው፣ የፎቶ ማንሸራተቻው፣
ማንም ሳይለምነኝ ለጌጥ ብዬ የጫንኩት፣ ያው።

ዳታቤዙ ግን ግማሹ ተበልቷል፤
መጠባበቂያ ቅጂ አለኝ፤ ታኅሣሥ ላይ ቆሟል።
መለስኩት። ገጹ ተነሣ፤
የተሸጠው የዋንዛ ወንበርም አብሮ ተነሣ፣
በድሮ ዋጋው።

ማታውኑ አንዲት ሴት ከአጋሮ ደውላ አዘዘች፤
«ተሽጧል» ልላት ስል፣ «እያየሁት ነው» አለች።

አፍሬ ወረድኩ።
አባ ዲኮ ሰምተው ዝም፤ መጥረቢያቸውን አኖሩ፤
ከግድግዳው ካርቶን አወረዱ፤
የወንበሩ ልክ በከሰል ተሰምሯል፣ ከመቀመጫው እስከ እግሩ።

«ሳላሰምር ጠርቤ አላውቅም፤ ደግሜ እሠራዋለሁ።
የዋጋውን ልዩነት ግን፣ ልጄ፣ ከሒሳብሽ እቀንሳለሁ።»

አሁንም ጣቴ ቁልፉ ላይ ስትደርስ
ቀና ብዬ ግድግዳ አያለሁ።