ከግራቦቭካ የመጣ አፈር

ቤቱን የሠሩት ሰዎች ቁልፉን ሰጥተውኝ ሲሄዱ
ከደጃፌ የተዉልኝ ሲሚንቶ የጠጣ ሸክላ፣
የጡብ ስባሪ፣ የዛገ ሚስማር፤
አካፋዬን ብሰነዝር
ብረቱ ጮኸ እንጂ
መሬቱ አፉን አልከፈተም።

ሠላሳ አንድ ዓመት በሉብሊን ከተማ
ትሮሊ አውቶቡስ ስነዳ
ከአስፋልቱ በታች ምን እንደሚተኛ
አንድም ቀን አልጠየቅሁ።
ቲማቲም ያማረኝ ጡረታ ስወጣ፤
አፈር በሜትር ኩብ ተለክቶ እንደሚመጣ
ያኔ ነው የሰማሁ።

የፊተኛው ሻጭ ናሙና አመጣ ቋጥሮ በፌስታል፤
ጥቁር ነው፣ የላመ፣ ጨብጠው ጨብጠው ያሰኛል።
"እናቴ ትሙት" ብሎ ማለ።
እጄን ኪሴ ስከት
ጎረቤቴ ጀኖቬፋ ከአጥሯ በላይ ብቅ አለች፣
ሰማንያ ሦስት የሞላት፣ አንድ ዓይኗን ሞራ የጋረዳት፤
"ጥቁረቱ አያታልልህ፤ ለቀብርም ጥቁር ይለበሳል።"

የኪያር ጠርሙስ አወጣች፣ አፈ ሰፊ፣
እፍኝ አፈር፣ ውሃ፣ ክዳን፤
እንደ ባለጌ ልጅ ይዛ ነቀነቀችውና
መስኮቴ ላይ አስቀመጠች፦
"እስከ ነገ ተወው። አፈር እውነቱን የሚያወጣው ሲረጋ ነው።"
በነጋታው ባየው ሁሉም ተንሳፏል፣
ከሥሩ ጣት የማይሞላ አሸዋ ቀርቷል።
"ይሄማ የረግረግ ገለባ ነው፤
በጋ ሲመጣ ነፋስ ይበላዋል።"

ሁለተኛው ሬሚጊዩሽ ይባላል። አልማለም።
መኪናው አሮጌ፣ አፈሩ ቡናማ፣ ጓል የበዛበት፣ ለዓይን የማይሞላ።
ጀኖቬፋ ቆነጠረች፣ አሸተተች፣
ከአፏ ከተተች።
ሰው ሲረግም "አፈር ብላ" ይላል፤
እሷ በላች።
አሸዋው ከጥርሷ ሥር ሲንቀጫቀጭ፣ ሸክላው ከላንቃዋ ሲጣበቅ
ዓይኗን ጨፍና አዳመጠች፤
ተፋችና፦ "አይኮመጥጥም። ግዛ።"
ጠርሙሱም አድሮ መሰከረ፦
አሸዋው ከታች፣ ደለሉ ከመሐል፣
ሸክላው ከአናቱ እንደ ቀጭን ጥለት።

"ከየት ነው?" ብለው፣
"ግራቦቭካ" አለኝ፣ "አዲሱ አውራ ጎዳና የሚያልፍበት።
አስፋልት ከመፍሰሱ በፊት የላዩን አንድ ክንድ
እንገፍፈዋለን፣ እንደ በግ ቆዳ።"
ዝም አልኩ።
ሠላሳ አንድ ዓመት በምን ላይ ስነዳ እንደኖርኩ
ጎማዬ ያልነገረኝን እጄ ነገረኝ።

ጥቅምትን ሙሉ ቆፈርኩ።
"አዲስ ልብስ በቁስል ላይ አይለበስም" ትለኛለች ከአጥሯ፣
"ፊት የታችኛውን ውጋው፣ ይተንፍስ፣ ከዚያ ቀላቅል።
ፍጉ ትኩስ እንዳይሆን፣ ሥር ያቃጥላል፤
ሁለት ክረምት ያደረውን ፈረስ ከሚያረባው ለምነህ አምጣ።"
ለመንኩ።
የሊንደን ዛፍ ቅጠል ከጎዳናው አፈስኩ፤
ጠራጊው "ሌባ ነህ ወይ?" አለኝ።
አዎ አልኩት።
ከዚያ በረዶ ወርዶ ሁላችንንም ሸፈነ።

መጋቢት ላይ፣ ምንም ሳልዘራ፣
ነጭ ሽንኩርት በቀለ፤
እዚህ አንድ፣ እዚያ ሦስት፣ መስመር የለው፣ ረድፍ የለው፣
እንደ ተበተነ ሰፈር።
ሬሚጊዩሽን ጠየቅሁት፣ ስም ሰጠኝ፦
ሄሮኒም፣ አሁን አራተኛ ፎቅ ላይ የሚኖር።
ሐምሌ ላይ ጎንጉኜ ወሰድኩለት።
ሽማግሌው ሽንኩርቱን አላሸተተም፤
ሥሩ ላይ የደረቀውን አፈር በጥፍሩ ፍቆ፣ በመዳፉ አሽቶ፣
"ስንት ከፈልክበት?" አለኝ።
ነገርኩት።
ትከሻው እስኪንቀጠቀጥ ሳቀ፦
"ለሜትር ኩቡ? እኔን ከካሱኝ አንተ የከፈልከው ይበልጣል።"
ከዚያ ያቺን ቁንጥር አፈር
በረንዳው ላይ ካለች የአበባ ማሰሮ ጨመራት፤
እጁንም ሳያራግፍ ጨበጠኝ።

ቲማቲሙ? ያን ዓመት ስድስት ብቻ፤
በአንዱ ቀንድ አውጣ ቀደመኝ።