ገጽ አርባ ሁለት

ሸዋ በር፣ ደሴ ላይ፣ ጉም ከጦሳ ወርዶ፣
ሙህዬ መጽሐፍ ያከራያል በላስቲክ ጋርዶ፤
ለአንድ ሌሊት አንድ ብር፣ መታወቂያ መያዣ፣
ለኛ ለምንቀረው ልቦለድ መጓዣ።

ያቺ መጽሐፍ ግን ሽፋን አልነበራት፣
የደራሲውም ስም አብሮ ነው የጠፋባት፤
ሁለት መቶ አስር ገጽ አንብበህ ስትጨርስ
ገደል ነው ወዲያ፣
የቀረው ሰኞ ገበያ ሄዷል፣ ለበርበሬ መጠቅለያ።
የመጨረሻው መስመር፣ «አስካለ በሩን ከፈተች፤ ከደጅ የቆመው» —
አንድ ክረምት ሙሉ ሸዋ በርን ይህ ነው ያመመው።
ሹፌሩ «ባሏ ነው» አለ፤ ልብስ ሰፊው «ሞት ነው» አለ፤
ሙህዬ «የቤት አከራይ ነው» ብሎ ነገሩን አቃለለ።

እኔ ጦይባ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት የሰው ቃል ሳባዛ የምውል፣
አንድ ነጠላ ሰረዝ ጨምሬ የማላውቅ በማንም ውል፣
መብራት በጠፋ ማታ በሻማ ደብተር ገለጥኩ፤
ደጃፉ ላይ የሚቆመውን እኔው በእጄ መረጥኩ።
እናቷን አቆምኩላት፣ ገጽ ዘጠና ላይ በደብዳቤ የሞተችውን፤
ደብዳቤ አይዋሽም? አባዝቼ የለ ወይ ስንቱን፣ ያልሆነውን!
ከዚያ አስካለን ከቤት አወጣኋት፣ አውቶቡስ አሳፈርኳት፣
ሐይቅ ዳር፣ ሻይ ቤት፣ ከእናቷ ጎን አስቀመጥኳት።
ጠዋት ነው። ውሃው ነጭ ነው። ወፎች አሉ።
ጣፋጭ ሻይ አዘዝኩላቸው። ሁለቱም ዝም ይላሉ።
ከዚህ በላይ ደስታ፣ ከዚህ በላይ ምሕረት
አልቻልኩም፤ ደብተሩም አለቀ፣ በገጽ እጥረት።

ሙህዬ ከመጽሐፏ ጋር ሰፋው በማዳበሪያ ክር፤
ኪራዩን አንድ ከሃምሳ አደረገ፣ እኔን ሳይመክር።

በሰባተኛው ቀን አቶ ይመር መጡ፣ የእህል ሚዛን ሹም የነበሩ፣
መነጽራቸው በጎማ የታሰረ፣ ሲቆጡ የሚያምሩ።
እጄን አልጨበጡም።
«አንቺ ነሽ?»
«እኔ ነኝ።»
«ሁለት ማንኪያ ስኳር!»
«ምን?»
«ሻዩ ላይ! ለአስካለ!
ወንድሜ እስኪፈታ አልቀምስም ብላ የማለች ሴት! ገጽ አርባ ሁለት ላይ የለ?»
«እናቷን ከሞት ሳስነሳ ዝም ብለው...»
«ሙት ማስነሳት የፈጣሪ ነው፤ እሱ ይቅር ይበልሽ፤
መሐላ ማፍረስ ግን የሷ ነው፣ የአስካለ። አንቺ ማን ነሽ?»

ማታ ማሽኑን አየሁት። ታማኝ ነው፤ እድፉን ሳይቀር ያወጣል፣
ዝንብ መስታወቱ ላይ ብትሞት ዝንቧን ከነክንፏ ያመጣል፤
ግን አንድም ገጽ አላነበበም። እኔስ አንብቤ ነበር?
አርባ ሁለትን ዘልያታለሁ፣ ወደ ፍቅሩ ስበር።
በእስክሪብቶ ነው የጻፍኩት፤ በምላጭ ፋቅሁ፣ ፋቅሁና
ስኳሩ ሄደ፤ ወረቀቱም አብሮት ሄደ፣ ሳሳና።
እዚያ ቦታ ዛሬ ምስር የምታህል ቀዳዳ አለች፤
ባጮልቅባት፣ ከጀርባ ሽፋኑ የማባዣ ሠንጠረዥ
አንዲት ሰባት ትታያለች።

ከስድስት ክረምት በኋላ ሙሉዋ ተገኘች፣ ኮምቦልቻ፣ ከሟች ሣጥን፤
ሙህዬ በሁለት እጁ ይዟት መጣ፣ እንደ ሕፃን።
ማን እንደቆመ ደጃፉ ላይ አሁን ሁላችን አውቀናል፤
(አልነግራችሁም። ኪራዩን ክፈሉ፤ እኛስ ከፍለናል።)
አቶ ይመር ቆመው አነበቡ፣ ጉሙ መነጽራቸው ላይ፣
እስከ ሁለት መቶ ሠላሳ። እዚያ አስካለ፣ ከሰው ጋር፣ ሻይ —
ሁለት ማንኪያ። በደራሲው በራሱ እጅ። ታማስላለች፤
ወንድሟ ገና አልተፈታም፤ እሷ ትስቃለች።

ልብስ ሰፊው ፔዳሉን አቆመ።
አቶ ይመር መጽሐፏን ከደኑ፣ ቀስ ብለው፣ የሟች ዓይን እንደሚከደን።
«ይሄ ሰውዬ» አሉ፣ «አስካለን አያውቃትም።»
ከኪሳቸው ሳንቲም ቆጠሩ፤ አንድ ከሃምሳ።
«ቀዳዳ ያላትን ስጠኝ።»